ክሩዙ አረንጓዴ ያበራል፣ ፍጥነት ግን አይዝም

የአንባቢ ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከዱባይ የገባች የ2010 ኮሮላ አለችኝ፣ አውቶማቲክ ናት። በሳምንት ሁለት ጊዜ በፍጥነት መንገዱ አዳማ እመላለሳለሁ። ክሩዝ ኮንትሮሏ፣ ማለትም እግሬን ከነዳጁ ባነሳም ፍጥነቷን የሚይዝልኝ፣ እስካለፈው ወር ድረስ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። አሁን ሳበራው ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ትመጣለች፣ ሰት (ይህን ፍጥነት ያዝ) ስለው ግን ምንም የለም። የፍሬን መብራት ይሰራል፣ ክላክስ ይሰራል፣ ቼክ ኢንጂን አልበራም። አንድ ጋራዥ ወስጃት ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል፣ ይቀየር አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ወንበር ፈለግኩ። ምናልባት ይጠቅም ከሆነ፣ ከመበላሸቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የፍሬን ሸራ አስቀይሬ ነበር፤ ያኔ ፔዳሉንም ነካክተው አስተካክለውልኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኪስህን ዝጋ። ኮምፒውተር አትግዛ።

የዚህች መኪና ክሩዝ ለብቻው ኮምፒውተር የለውም። ሞተሩን የሚመራው ኮምፒውተር ራሱ ነው ክሩዙንም የሚይዘው። የነዳጅ ፔዳልህ ከሞተሩ ጋር በካቦ አልተያያዘም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ ክሩዝ ማለት ኮምፒውተሩ በአንተ እግር ፈንታ ስሮትሉን (የሞተሩን የአየር በር) ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ማለት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ይህ ኮምፒውተር ተቃጥሎ ቢሆን እንኳን አዳማ፣ ቱሉ ዲምቱም አትደርስም ነበር።

ደግሞ ፍንጩን ራስህ ጽፈኸዋል። ፔዳሉ ተነክቷል።

ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ክሩዝ አንድ ነገር ልንገርህ። ክሩዝ ፈሪ ነው። ሆን ተብሎ ፈሪ ተደርጎ ነው የተሰራው። መኪናዋ በ110 እየሄደች «ሰውዬው ፍሬን ይዟል ወይስ አልያዘም?» ብሎ ትንሽ ከተጠራጠረ ይለቃል፣ ወይም ከነጭራሹ አልይዝም ይላል። ልክም ነው፤ ፍሬን እየረገጥክ ነዳጅ የሚሰጥ መኪና ማን ይፈልጋል? ስለዚህ አልይዝም ሲል ብዙ ጊዜ ክሩዙ ራሱ አልተበላሸም፣ የሆነ ነገር አስጠርጥሮት ነው። የኛ ስራ ምን እንዳስጠረጠረው ማግኘት ነው።

የፍሬን ፔዳሉ ክንድ ላይኛው ጫፍ አካባቢ፣ ዳሽቦርዱ ስር፣ አውራ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ስዊች አለች። አራት ሽቦ ይገባባታል። ብዙ ሰው፣ መካኒኩንም ጨምሮ፣ የፍሬን መብራት ማብሪያ ብቻ ትመስለዋለች። ውስጧ ግን ሁለት ስዊች ነው። አንደኛው ፔዳሉን ስትረግጥ ይገናኝና መብራቱን ያበራል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ እግርህ ከፔዳሉ ላይ ሲነሳ ተገናኝቶ ይቆያል፣ ስትረግጥ ይለያያል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ያያል። አንዱ ተረግጧል ሌላው አልተረገጠም ካሉት ማንን ይመን? ማንንም አያምንም። ክሩዙን ይከለክላል፣ አበቃ።

እና «የፍሬን መብራቴ ይሰራል» ስትለኝ የነገርከኝ ስለ ግማሿ ስዊች ነው። ያኛው ግማሽ አልተመረመረም።

መጀመሪያ ያለ ምንም መሳሪያ የሚሆነውን እናድርግ። ማታ መኪናህን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥተህ አቁማት፣ የፓርኪንግ መብራቱን አጥፋ። እግርህን ሙሉ በሙሉ አንሳና በመስታወት ግድግዳውን እይ። ቀይ ካየህ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ስዊቿ ፔዳሉ ሳይረገጥ ተረግጧል እያለች ነው። ቀይ ካልሆነ የጫማህን ጫፍ ከፔዳሉ ስር አስገብተህ ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ ከዚያ እንደ እንቁላል ቀስ ብለህ ተጫነው። ገና ሲነካ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ፔዳሉና ስዊቿ አፍ ለአፍ አልገጠሙም። እንዲህ ያለ መኪና ጥሩ አስፋልት ላይ ክሩዙን ይይዝና ጉድጓድ ስትመታ ይለቀዋል፤ ባለቤቱም ክሩዙ እንደ ባህሪው ነው ይላል።

ሁለተኛው ሙከራ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይፈልጋል፤ የምንለካው በኦም ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ግንኙነቱ ጥሩ ነው። መሬት ተኝተህ ጭንቅላትህን ፔዳሎቹ ጋ አስገባ፣ የስልክህን መብራት አብራ፣ የስዊቿን ሶኬት ንቀል። ሁለቱን የመብራት እግሮች ለካ፦ ፔዳሉ ነጻ ሲሆን መገናኘት የለባቸውም፣ ሲረገጥ ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለባቸው። ሌሎቹ ሁለቱ እግሮች የዚህ ግልባጭ ናቸው። እኔ ብዙ ጊዜ ችግሩን የማገኘው ሁለተኛው ጥንድ ላይ ነው። መገናኘት ሲገባው አንዴ 3 ኦም፣ አንዴ 40፣ አንዴ ጭራሽ ክፍት። ስዊቿን በጣትህ መታ መታ ስታደርጋት ቁጥሩ ይጨፍራል። ያቺ ስዊች ጡረታ መውጣት አለባት።

ያንተ ግን ገና አንድ ወር ነው፣ ከፔዳል ስራ በኋላ። ስለዚህ ከመቀየርህ በፊት አቀማመጧን እይ። ፔዳሉ ከፍ ሲል ስዊቿ አብራ ካልተስተካከለች ጫፏ ላይ ያለችው ዘንግ በልኩ አትገባም፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ክፍተት ይኖራል። በዚህ ሞዴል ስዊቿ የምትወጣው ትንሽ በማዞር ነው። ስትመልሳት ፔዳሉ ሙሉ ከፍ ብሎ እያለ አካሏ እስኪነካ ድረስ ቀጥ አድርገህ አስገባት፣ ከዚያ ሩብ ዙር አዙረህ ቆልፋት። ዘንጓ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ብላ መቅረት አለባት። በዚህ መሃል ፔዳሉን አትርገጥ!

ይህን በጩኸት የምናገረው ስለቀመስኩት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ሲያጣድፈኝ ስዊቿን ስቆልፍ በክርኔ ፔዳሉን ተደግፌው ነበር። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። ጠዋት ደወለ፣ ባትሪው ሞቷል። የፍሬን መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አድሯል፣ የግቢው ዘበኛም «መኪናው ቀይ ዓይኑን አፍጥጦ አደረ» ብሎ ነግሮታል። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ይነግረኛል።

የፔዳሉን ክንድ ስታይ ስዊቿ የምታርፍበትን ቦታ ልብ በል። በብዙ መኪና እዚያ ላይ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ አለ። ሙቀትና ዕድሜ ያደርቀውና ተሰባብሮ ይወድቃል፤ የስዊቿ ዘንግ በቀዳዳው ሾልካ ትወጣለች። ሆንዳ የምትነዱ በተለይ ምንጣፉ ላይ የማታውቁት የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካገኛችሁ ወደ ላይ ቀና በሉ።

ስዊች መቀየር ካለብህ አዲስ ግዛ። ሶማሌ ተራ ብዙ ነገር ሲያድነኝ ኖሯል፣ አላማም፣ ግን ያረጀ የፍሬን ስዊች በሌላ ያረጀ የፍሬን ስዊች አይቀየርም።

ስዊቿ ደህና ከሆነችስ? ያኔ ወደ መሪው እንሄዳለን። አብዛኛው ጋራዥ እዚህ ጋ «ክሎክ ስፕሪንጉ ነው» ይላል፣ ማለትም መሪው ውስጥ እንደ ሰዓት ፈትል የተጠቀለለው ሪባን ሽቦ። በሱ በኩል ኤርባጉም፣ ክላክሱም፣ ክሩዙም ያልፋል። ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ መብራት ይበራል ወይም ክላክሱ ዝም ይላል። የኤርባግ መብራት በርቷል አላልከኝም፣ ክላክስህም ይሰራል፣ ግን ክላክሱ በሌላ ሽቦ ስለሚያልፍ እሱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የሚሻለው ምስክር አረንጓዴዋ መብራት ናት።

ለምን? ከመሪው ቀኝ ስር ያለችው ትንሽ ዘንግ አራት ትዕዛዝ አላት፦ ጫፏን ስትጫን ማብሪያ፣ ወደ ታች ሰት፣ ወደ ላይ መመለሻ፣ ወዳንተ ስትስባት መሰረዣ። አራቱም የሚሄዱት በሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የሚለያቸው በኦማቸው ነው። ማብሪያው ዜሮ ገደማ፣ መመለሻው 240 ገደማ፣ ሰት 630 ገደማ፣ መሰረዣው 1540 ገደማ። ማብሪያህ ስለሚሰራ ሽቦው አልተበጠሰም ማለት ነው። ግን የሰቱ መገናኛ ብቻውን ሊቆሽሽ ይችላል። ወይም ሪባኑ ተጎድቶ ትርፍ ኦም ይጨምራል፤ 630 ላይ 900 ጨምርበት፣ ምን ሆነ? መሰረዣ! አንተ ያዝ ትለዋለህ፣ እሱ ልቀቅ ይሰማል።

ይህን ለማየት መሪውን መፍታት አያስፈልግም። የቶዮታን የቀጥታ መረጃ የሚያሳይ ጥሩ ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር ማንበቢያ) ያለው ሰው ጋ ሂድና የብልሽት ኮድ ብቻ እንዳያነብልህ ንገረው። እነዚያ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኙት ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዝርዝር አያሳዩም። የሚታየው ዝርዝር ውስጥ የፍሬን ስዊች አንድና ሁለት፣ ሰት፣ መመለሻ፣ መሰረዣ በየተራ አሉ። ዘንጓን እየነካካህ ስክሪኑን እይ፤ ሰት ስትል መሰረዣ ከበራ ሌባው ተያዘ። ኮድ ከተመዘገበም ፒ0571 እና ፒ0504 የፍሬን ስዊች፣ ፒ0500 የፍጥነት ምልክት ነው።

ሪባኑ ሆኖ ከተገኘ ራስህ አትፍታው። እዚያ ውስጥ ያለው ኤርባግ ፈንጂ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ሳይጠበቅ፣ ጎማዎቹም ቀጥ ሳይሉ መሪው መነካት የለበትም። አዲሱ ሪባን መሃሉ ላይ ካልገጠመ ደግሞ መጀመሪያ ስትታጠፍ ይበጠሳል። «ችግር የለም» ብሎ ባትሪ ሳይነቅል ካቻቢቴ የሚያነሳ ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

የቀሩትን በፍጥነት። ከ40 በታች ክሩዙ አይይዝም፣ ማርሹም ዲ ላይ መሆን አለበት። አይስቅህ፣ ቀለበት መንገድ ላይ በ30 እየሞከረ ተበላሸ ብሎ የመጣ ሰው አውቃለሁ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ከበራ ወይም የፍጥነት ቀስቱ የሚዘል ከሆነ የጎማውን ፍጥነት የሚለካውን ሴንሰር እይ፣ ፍጥነቱን የማያውቅ ክሩዝ ምን ይይዛል? ቼክ ኢንጂን ሲበራ ክሩዝን አብረው የሚዘጉ መኪኖች አሉ፣ ሱባሩ በዚህ የታወቀ ነው፤ እነሱ ላይ ክሩዙን ትተህ የሞተሩን ችግር ነው የምታክመው። ማኑዋል የምትነዱ ፍሪሲዮኑም የራሱ ስዊች አለው። የፍሬን አምፖሉን በኤልኢዲ የቀየራችሁ ደግሞ ለሙከራ የድሮውን መልሱት፣ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች የፍሬኑን ሁኔታ የሚያውቁት በአምፖሉ ክር በኩል ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ አዲስ ካምሪ ይዛችሁ የምትጽፉልኝ፣ የናንተ ሌላ ነው። የፊት መኪናውን እያየ የሚፈጥነውና የሚቀንሰው ክሩዝ ዓይኑ ከፊት አርማው ጀርባ ያለ ራዳር ነው። በረዶ፣ ጭቃ ወይም ስቲከር ከሸፈነው ይዘጋል። ባምፐር ተገጭቶ ከተሰራ በኋላ ከጠፋ ራዳሩ እንደገና ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም አቅጣጫው በመሳሪያ መስተካከል አለበት፣ በማጽዳት አይመለስም።

ወዳንተ ልመለስ። ስዊቿን አስተካክለህ ስትጨርስ ከክፍያ ጣቢያው በኋላ፣ መንገዱ ጭር ሲል በ80 ሰት አድርግ። ከያዘ ወዲያው ፍሬኑን በጫማህ ጫፍ ነካ አድርገው፣ በዚያችው ቅጽበት መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ወይም ዘግይቶ ከለቀቀ ክሩዙን አጥፋና በእግርህ እየነዳህ ተመለስ። ጭራሽ ካልያዘ ደግሞ ስካነሩ ላይ ያየሃቸውን አምስቱን መስመሮች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ፔዳሉ ተረግጦም ሳይረገጥም።