ፓምፑን ከመውቀሳችሁ በፊት

ይድረስ በደብረ ብርሃን፣ በጫጫ፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ጋራዦች ለምትሠሩ ወጣት መካኒኮች።

ልጆቼ፣ እስካቫተር ሲደክም፣ ሎደር ባልዲውን ማንሳት ሲያቅተው፣ የገልባጭ ሳጥን ግማሽ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓምፑ ነው። ይፈታል፣ አዲስ አበባ ይላካል፣ ብዙ ብር ወጥቶ አዲስ ይገጠማል። ከዚያ በሳምንቱ ያው ድካም ይመለሳል፤ ይባስ ብሎም አዲሱ ፓምፕ ይጮኻል። እጃችሁ ሥራ ሳይችል ቀርቶ አይደለም። ፓምፕ ግፊት የሚሠራ፣ ዘይትም የሚስብ ስለሚመስለን ነው። ሁለቱንም አያደርግም። ይህ በደንብ ከገባችሁ የሃይድሮሊክ ብልሽት ፍለጋ ግማሹ አለቀላችሁ።

ከክሪክ እንነሣ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ግፊቱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያደርሳል፤ ይህን ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስረድቶታል። የክሪኩ ትንሽ ፒስተን 1 ሳ.ሜ.፣ ትልቁ 5 ሳ.ሜ. ዲያሜትር ቢኖረው የገጻቸው ስፋት በ25 እጥፍ ይበላለጣል። ትንሹን በ20 ኪሎ ብትጫኑት ትልቁ 500 ኪሎ ያነሳል። ዋጋው ግን አለ፦ ትልቁ 1 ሳ.ሜ. እንዲወጣ ትንሹ 25 ሳ.ሜ. መሄድ አለበት። እጀታውን ደጋግማችሁ የምትወዘውዙት ለዚህ ነው።

አሁን ክሪኩን ከመኪናው ሥር አውጡና ባዶውን ወዝውዙት። እጀታው ቀላል ነው። ዘይቱ ይሄዳል፣ ግፊት ግን የለም ማለት ይቻላል። መኪናው ሲያርፍበት ነው እጀታው የሚከብደው። የትልቁ ማሽን ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ እሱ ዘይት ይገፋል፣ ግፊቱን የሚፈጥረው ዘይቱን መንገድ የሚከለክለው ጭነት ነው። ስለዚህ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 200 ባር ማሳየት ሲገባው 40 ቢያሳይ፣ ዘይቱ የሆነ ቦታ ላይ ቀላል ማምለጫ አግኝቷል ማለት ነው። ማምለጫው ፓምፑ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ትርፍ ግፊት የሚለቀው ሪሊፍ ቫልቩ፣ ዘይቱን የሚመራው ተንሸራታች ስፑል ወይም ዘይት እንዳያልፍ የሚያትመው የሲሊንደሩ ሲል ዘንድም ሊሆን ይችላል። ሥራችሁ የት እንደሆነ ማግኘት ነው።

ጉልበት ከግፊት፣ ፍጥነት ከፍሰት እንደሚመጣ በቁጥር ተመልከቱት። ውስጡ 100 ሚ.ሜ. የሆነ ሲሊንደር የፒስተኑ ገጽ 78.5 ካሬ ሳ.ሜ. ነው። በ200 ባር 16 ቶን ገደማ ይገፋል። ዘንጉ 60 ሚ.ሜ. ከሆነ በዘንጉ በኩል የሚቀረው ገጽ 50.3 ካሬ ሳ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ሲስብ ጉልበቱ ወደ 10 ቶን ይወርዳል። ፓምፑ በደቂቃ 60 ሊትር ቢሰጥ ዘንጉ በሰከንድ 12.7 ሳ.ሜ. ይወጣል፤ ሲመለስ ግን ወደ 20 ሳ.ሜ. ይፈጥናል። ሲወጣ ቀርፋፋ፣ ሲገባ ፈጣን መሆኑን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ሲሊንደር የሚፈታ አለ። ያ የስፋት ጉዳይ ነው፤ ምንም አልተበላሸም።

ማሽኑ ዝግ ብሎም ቢሆን ሙሉ ጭነቱን የሚያነሳ ከሆነ የጎደለው ፍሰት ነው። ባዶውን ፈጥኖ ጭነት ሲያገኝ የሚቆም ከሆነ የጎደለው ግፊት ነው። ኦፕሬተሩን መጀመሪያ ይህን ጠይቁት። ደግሞም ሁሉም ሥራ ነው የደከመው ወይስ አንዱ ብቻ በሉት። ቡሙ (ትልቁ ክንድ) ደክሞ ባልዲው ደህና ከሆነ ሁለቱን የሚመግበው አንድ ፓምፕ ጥፋተኛ የመሆኑ ነገር ይጠባል።

የዘይቱ መንገድ ረጅም አይደለም። ከታንኩ በወፍራም ቱቦ ወደ ፓምፑ ይገባል። ከፓምፑ ወጥቶ በሪሊፍ ቫልቩ በኩል ያልፋል፤ ይህ ግፊቱ ከተወሰነለት ሲበልጥ ከፍቶ ወደ ታንክ የሚመልስ ዘበኛ ነው። ከዚያ ወደ ኮንትሮል ቫልቩ ይሄዳል፤ ማንሻውን ስትነኩ ውስጡ ያለው ስፑል ተንሸራቶ ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ አንዱ ጎን ይመራል፣ ከሌላው ጎን የሚወጣውንም ይመልሳል። ተመላሹ በራዲያተሩና በፊልትሮው አልፎ ታንክ ይገባል። ሲሊንደር በቀጥታ የሚገፋውን፣ ሃይድሮሊክ ሞተር በዙር የሚያደርገው ብቻ ነው ልዩነቱ።

በዚህ መንገድ ላይ እኛ ሸዋዎች ከሁሉ በላይ ልንጨነቅበት የሚገባው ከታንክ እስከ ፓምፕ ያለችው አጭር ቱቦ ናት።

ፓምፕ ዘይት አይስብም ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ መግቢያው ላይ ባዶ ቦታ ይከፍታል፤ ዘይቱን ወደዚያ የሚገፋው ታንኩ ላይ የተጫነው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ አየር 1 ባር ያህል ይጫናል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት 0.72 ባር ገደማ ነው። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚህም ያንሳል። ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ወደ 0.87 ይመለሳል። ብዙ የጊርና የፒስተን ፓምፕ መምሪያዎች ደግሞ መግቢያው ላይ ከባዶ ተነሥቶ ሲቆጠር ቢያንስ 0.7 ወይም 0.8 ባር ይጠይቃሉ። ልብ በሉ፦ ዘይቱ ገና ታንክ ውስጥ ሳለ፣ ቱቦውንና ወንፊቱን ሳያልፍ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያለን ሁሉ 0.72 ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ጥበት እኛ ጋ ፓምፕ ይገድላል።

ቅዝቃዜውን ጨምሩበት። 46 የሚባለው የሃይድሮሊክ ዘይት ቁጥሩን ያገኘው በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ካለው ውፍረት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ሌሊት፣ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ውፍረቱ ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። እንዲህ የወፈረ ዘይት በደከመ አየር ተገፍቶ በጠባብ ቱቦ መድረስ አይችልም። ፓምፑ ጥርስ ላይ የዘይት ትነት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ወደ ግፊቱ በኩል ሲደርስ ይፈነዳና ብረቱን ይቆረቁራል። ተፈትቶ ስታዩት ምስጥ የበላው እንጨት የሚመስለው ለዚህ ነው። ድምፁ ቀጭን፣ ያልተቋረጠ ጩኸት ነው።

ስለዚህ በብርድ ጠዋት ማሽኑን አስነሥታችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በሚኒሞ ተዉት፤ ከዚያ ሲሊንደሮቹን ያለ ጭነት አንድ ባንድ ሙሉ አውጡና አስገቡ። ኦፕሬተር ቸኩሎ ጋዝ ሲሰጥ ካያችሁት አስቁሙት፤ መኪና ማሞቅ ልማድ ሆኖ ዘይት ማሞቅ ያልተለመደበት ምክንያት አይገባኝም። የመግቢያ ቱቦ ስትቀይሩ ገበያ ላይ የተገኘውን ቀጭን አትግጠሙ። በደቂቃ 60 ሊትር የሚያልፍበት ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ውስጡ ቢያንስ 36 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። የራዲያተር ውኃ ቱቦም አይሆንም፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ወደ ውስጥ ይጣበቃል። ታንኩ ከፓምፑ ከፍ ቢል መልካም ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 0.085 ባር ያህል ይጨምርላችኋል፤ እዚህ አገር ይህ ትንሽ አይደለም።

የታንኩ ክዳን ደግሞ አለላችሁ። መተንፈሻ ያለው ነው፤ ሲሊንደሮቹ ሲወጡ የዘይቱ መጠን ይቀንሳል፣ አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በአቧራ ከታፈነ ታንኩ ውስጥ ያለው 0.72 ጭራሽ ይቀንሳል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ማሽኑ እየጮኸ ሳለ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ፍቱት። አየር ወደ ውስጥ ሽው ብሎ ገብቶ ጩኸቱ ከቆመ፣ ጥፋቱ የአንዲት ትንሽ መተንፈሻ ነበር። በብዙ እስካቫተሮች ደግሞ ክዳኑ ታንኩ ውስጥ መጠነኛ ግፊት አፍኖ የሚይዝ ነው፤ ደጋ ላይ ፓምፑን የሚያኖረው እሱ ነው። ያ ክዳን ሲጠፋ በጨርቅና በፌስታል የሚታሰረው ነገር በጣም ያሳዝነኛል። አቧራውም ይገባል፣ ግፊቱም ይወጣል፤ ላቫጆ ላይ በኃይል የሚረጨው ውኃም በዚያው ይገባል።

አየር መግባት ከዚህ ይለያል። ድምፁ እንደሚንኳኳ ጠጠር ነው፤ ዘይቱም አረፋ ሠርቶ ወተት ይመስላል። የሚገባው በመግቢያው ቱቦ ፋሼታ (ማሰሪያ) ወይም በፓምፑ ዘንግ ሲል ነው። መግቢያ ላይ ዘይት ወደ ውጭ ስለማይንጠባጠብ ዐይን አያገኘውም። ማሽኑ እየሠራ መጋጠሚያዎቹን አንድ ባንድ ግራሶ ቀቧቸው፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ እሱ ነው።

ስለ ቆሻሻ ብዙ ስለሚወራ አላበዛም። በስፑሉና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት የጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ጉዳይ ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ቫልቩን የሚያጨናንቀው ቆሻሻ በዐይን አይታይም፤ ዘይቱ ጠርቶ መታየቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አዲስ በርሜል እንኳ በፊልትሮ እየተጣራ ነው መሞላት ያለበት። በለሚም ሆነ በሌላው የጠጠርና የሲሚንቶ አካባቢ የምትሠሩ፣ የተፈታ ቱቦ ጫፍ ለአፍታም ሳይከደን አይቆይ። ክር የሚረግፍ ጨርቅ አትወትፉበት። የፍሬን ዘይት ደግሞ ክሪክም ሆነ ታንክ ውስጥ አትጨምሩ፤ ለማዕድን ዘይት የተሠራ የሲል ጎማ በፍሬን ዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። እስከ 400 ባር የሚያነብ ጌጅ የሌለው ጋራዥ ሃይድሮሊክ እሠራለሁ ባይል ይሻላል። ዘይቱን 50 ዲግሪ ያህል አሙቁ፤ በቀዝቃዛ ዘይት የተለካ ያታልላል፤ ያረጀ ፓምፕ በወፍራም ዘይት ደህና ይመስላል። ጌጁን በመለኪያ ቀዳዳው ግጠሙ፤ አንዱን ሲሊንደር ጫፍ አድርሳችሁ ማንሻውን ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ብቻ ያዙ። ከዚያ በላይ አትያዙ፤ በ200 ባር 60 ሊትር በሪሊፍ ቫልቩ ሲያልፍ 20 ኪሎ ዋት ሙቀት ይሆናል፣ አምስት ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንዴ እንደ መጣድ ነው። የተነበበው መምሪያው ከሚለው ጋር ከተስማማ የግፊት ችግር የለም። ካነሰ፣ ሪሊፉን ማጥበቅ የመጀመሪያ እርምጃችሁ አይሁን። ፈታችሁ መቀመጫውን አጽዱ፣ ስፕሪንጉን እዩ። ዝም ብሎ ማጥበቅ ቱቦና ሲሊንደር ያፈነዳል።

ሲሊንደሩን ከጠረጠራችሁ በባልዲው ፈትኑ። ዘንጉን ሙሉ አውጥታችሁ ባልዲውን መሬት አስይዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ማንሻዎቹን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ የታመቀውን ግፊት ልቀቁ። በዘንጉ በኩል ያለውን ቱቦ ፍቱና ቱቦውን ግፊት በሚችል የብረት መክደኛ ዝጉ፤ የሲሊንደሩን ቀዳዳ ግን ወደ ጀሪካን ክፍት ተዉት። አስነሥታችሁ ማንሻውን በማውጫው በኩል ቀስ ብላችሁ ያዙ። ጥቂት ጠብ ብሎ ከቆመ ሲሉ ደህና ነው፤ ሳያቋርጥ ከወረደ አልቋል። ያን ቀዳዳ በስሕተት ብትደፍኑት ቅድም ባሰላነው ሲሊንደር 200ው ባር በዘንጉ በኩል 312 ይሆናል፤ የ78.5 ገጽ በ50.3 ላይ ስለሚጫን ነው።

ቡም ተነሥቶ ቆሞ ቀስ እያለ ሲወርድም ሁሉም የፒስተን ሲል ነው ይላል። አስቡት፦ ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገባ ሲሊንደሩ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ሁለቱም ቱቦዎች በትክክል ከተዘጉ፣ ዘይት ወደ ውጭ ካልወጣ በቀር ዘንጉ መግባቱን ሊቀጥል አይችልም። ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚወርድ ቡም መጀመሪያ ስፑሉንና ጭነቱ እንዳይወርድ የሚይዘውን ያዥ ቫልቭ ነው የሚያስጠይቀው።

ከተነሣ ቡም ወይም ከተነሣ የገልባጭ ሳጥን ሥር ያለ ብረት ድጋፍ አትግቡ። የተበሳ ቱቦ በእጃችሁ አትዳስሱ፤ ካርቶን ወይም እንጨት አሳልፉበት። በ200 ባር በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንት አልፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የእሾህ ውጊያ ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይም ላያም ይችላል፤ ሳይነጋ ግን ጣት ወይም እጅ ሊያሳጣ ይችላል። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና በግፊት የገባ ዘይት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። አኩሙሌተር (በጋዝ ግፊት የሚያጠራቅም ዕቃ) ያለበት ማሽን ላይ ደግሞ የሚሞላው ናይትሮጅን ብቻ ነው። የብየዳው ኦክስጅን ቅርብ ስለሆነ ብላችሁ አትሞክሩት፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ፓምፑ በእርግጥ አልቆ አዲስ ከገጠማችሁ፣ ሳታስነሡ በፊት ቤቱን በንጹሕ ዘይት ሙሉት። ደረቅ የተነሣ ፓምፕ በደቂቃ ውስጥ ራሱን ይፍቃል። ሞተሩ ሳይነሣ በማስነሻው ጥቂት ጊዜ አዙሩት፣ ከዚያ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ያለ ጭነት አሠሩት። ሲሊንደሮቹን በመምሪያው እንደተባለው ሰብስባችሁ የዘይቱን ልክ እንደገና እዩ፤ የመመለሻውን ፊልትሮ ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ፍቱና እጥፎቹን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። የናስ ብናኝ ካገኛችሁ የአሮጌው ፓምፕ ትርፍራፊ ገና በቱቦዎቹና በራዲያተሩ ውስጥ አለ፤ አጥባችሁ ፊልትሮውን እንደገና ለውጡ።