ጨው በዘይት አይለቅም

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው የቆየ ምንሽር አለኝ። ሐምሌ ላይ የድሮ የወታደር ጥይት ተኩሼበት ማታውኑ በጋዝ ወልውዬ ዘይት ቀባሁት። በሳምንቱ ባየው አፈሙዙ ውስጡን ዝጓል። ዘይቱ ይሆን የበላው? ደግሞስ ቀለሃውን ሰብስቤ ካፕሱሉን ብቻ ቀይሬ መልሼ ልጠቀምበት እችላለሁ?
(ከመሃል ሜዳ፣ መንዝ)

መልስ፦ ዘይቱን አይውቀሱት፤ ጥፋቱ የካፕሱሉ ነው። ካፕሱል የምንለው በቀለሃው ቂጥ መካከል ያለችውን፣ ስትመታ ባሩዱን የምትለኩሰውን ትንሽ ቆብ ነው። በድሮ የወታደር ጥይት ካፕሱል ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ይህ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። አፈሙዙ ውስጥ ተለጥፎ የአየሩን እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ ብረቱን ይበላል። በመንዝ የክረምት ጉም ሳምንት መቆየቱም ዕድል ነው።

ጨው ደግሞ በጋዝም፣ በናፍጣም፣ በዘይትም አይሟሟም። እርስዎ ያወጡት ጥላሸቱን ነው፤ ጨው ከዘይቱ ሥር ቀርቷል። የሚያሟሟው ውሃ ብቻ ነው።

በተኮሱበት ዕለት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተው መቀርቀሪያውን ያውጡ። አፈሙዙን ወደ ታች አዘቅዝቀው ጥይት ከሚጎርስበት በኩል በማፍሰሻ አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ያውርዱበት። ቀዝቃዛ ውሃም ጨውን ያሟሟል፤ የሙቁ ጥቅም ብረቱን አግሎ ቶሎ ማድረቁ ነው። መሃል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ይበቃል። እንጨቱና ብረቱ መካከል ውሃ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ እዚያ የገባ ውሃ ተደብቆ ከጨው የባሰ ያዝጋል። የመቀርቀሪያውን ፊትና የመምቻውን ጫፍም ይጠቡ፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። ከዚያ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ይወልውሉ፣ ዘይት ይቀቡ። በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ሲያስገቡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ከውሃው ይድገሙት። ማፍሰሻውን ወደ ማድ ቤት አይመልሱት፤ የካፕሱል ጥላሸት ሜርኩሪ ወይም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ክላሽ ያላቸው አንባቢዎች አፈሙዙ ውስጡ በክሮም ስለተለበጠ አይመለከተንም እንዳይሉ። ጭሱ የሚያልፍበት የላይኛው ቱቦና በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን መታጠብ አለባቸው።

አሁን ያለውን ዝገት በዘይትና በነሐስ ብሩሽ ያንሱት። የተቦረቦረው ግን አይመለስም፤ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አፈሙዙን ጨርሶ ማበላሸት ነው።

ካፕሱል መቀየሩን ይተዉት። የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ቀለሃ በአብዛኛው የበርዳን ዓይነት ነው፦ ካፕሱሉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ከመሃል ጉብ ያለ መቀጥቀጫ አለው፣ እሳቱ የሚያልፈውም ከመሃል ውጪ ባሉ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ነው። አሮጌውን ካፕሱል በዘንግ ገፍቶ ማውጣት የሚቻለው አንድ የመሃል ቀዳዳ ባለው የቦክሰር ቀለሃ ነው። ብዙው ቀለሃ ደግሞ ብረት እንጂ ናስ ስላልሆነ ደጋግሞ አይሠራም። የካፕሱሉ እሳት ኃይል ከካፕሱል ካፕሱል ስለሚለያይም ያንኑ ባሩድ በሌላ ካፕሱል መለኮስ ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያወጣው ይችላል። የሚገርመው፣ በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ዛሬ አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙት የቦክሰርን ነው።