«ሞተሩ ተቃጠለ» ከማለት በፊት

ጥያቄ፦ በጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ጥገና ላይ የምሠራ የኤሌክትሮ መካኒክ ባለሙያ ነኝ። እኛ ጋ ጠላቂ ፓምፕ ሲቃጠል በክሬን አውጥተን በአንድ ሁለት ቀን እንቀይረዋለን። በባሕር ላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ግን የአንድ ፓምፕ ብልሽት ከባድ ኪሳራ ያስከትላል ሲባል ሰምቻለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? መፍትሔውስ ጠንካራ ሞተር መግዛት አይደለም?

መልስ፦ አሠራሩ እርስዎ ከሚያውቁት ብዙም አይርቅም፤ ሞተሩ ከታች፣ ፓምፑ ከላይ ሆኖ፣ ፈሳሹ በሞተሩ ዙሪያ እያለፈ ያቀዘቅዘዋል። ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነው። የጉድጓዱ አፍ በባሕሩ ወለል ላይ ከሆነ በውድ ዋጋ የሚከራይ ተንሳፋፊ የቁፋሮ መርከብ ያስፈልጋል፤ ተራው እስኪደርስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፣ ጉድጓዱም እስከዚያው አያመርትም። ሼል እ.ኤ.አ. በ2009 ማምረት በጀመረው የብራዚሉ ፓርኪ ዳስ ኮንሻስ መስክ ፓምፖቹን ከነዳጅ ጉድጓዶቹ ውጭ፣ በባሕሩ ወለል ላይ ለብቻቸው በተተከሉ ትልልቅ ቱቦዎች ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ በዚህ መንገድ ፓምፕ ለመቀየር ጉድጓዱን መክፈት አያስፈልግም።

ጠንካራ ሞተር ያሉት ግን በእኔ አስተያየት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ይህ ሞተር በዘይት የተሞላ ሲሆን፣ በእሱና በፓምፑ መካከል ዘይቱን ከጉድጓዱ ፈሳሽ የሚለይ፣ ፕሮቴክተር የሚባል ክፍል አለ። ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ሰፍቶ ወደዚህ ክፍል ይወጣል፤ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዘይቱ ተሰብስቦ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ወደ ታች ይስባል። እያንዳንዱ መቆምና መነሣት አንድ ትንፋሽ ነው ማለት ይቻላል፤ አሸዋ ዘንጉን የሚደግፈውን ኩሽኔታ በልቶት ዘንጉ መንቀጥቀጥ ሲጀምርና ፈሳሽ እንዳይገባ የሚያግደው መድፈኛ ሲላላ፣ በዚያ ትንፋሽ ጨዋማ ውሃ ገብቶ የሽቦውን ሽፋን ያበላሻል፤ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ግን «ሞተር ተቃጠለ» የሚል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ከላይ፣ በባሕር ላይ ባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ ጄኔሬተር ላይ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፖቹ በሙሉ አብረው ይቆማሉና። ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ አነሣሡን ያለዝባል። ፓምፑ ሲቆም ከላዩ ባለው የማውጫ ቱቦ ያለው ፈሳሽ ወደ ታች ተመልሶ ፓምፑን ወደ ኋላ ስለሚያሽከረክር፣ ይህ ሳይረጋ ማስነሣት ዘንግ ሊሰብር ይችላል፤ የኦፕሬተሩ ትዕግሥት እዚህ ላይ ከማንኛውም መለዋወጫ ይበልጣል። ጋዝ የሚበዛበት ጉድጓድ የጋዝ መለያ ይፈልጋል። አንዳንድ ኩባንያዎች ሁለት ፓምፕ አብረው ያወርዳሉ፣ ነገር ግን ተጠባባቂውም ሥራ ፈትቶ በሙቀትና በጨው ውስጥ ያረጃል።

እርስዎም ቀጣዩን የተቃጠለ ሞተር ወደ ሽቦ ጠምጣሚ ከመላክዎ በፊት መድፈኛውን፣ ኩሽኔታውንና የኬብሉን መጋጠሚያ ከፍተው ይመልከቱ፤ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንደቆመም ከመዝገቡ ይቁጠሩ።