በአንድ ርዕስ ስለሚጠሩ የማይዛመዱ መጻሕፍት፤ ለጠየቁት መምህር የተሰጠ መልስ

መምህር፣ ጥያቄዎን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለሥነ ጽሑፍ ኮርስ የሚሆኑ ልብ ወለዶችን፣ ከእነርሱም መካከል የአልቤር ካሙን «ዘ አውትሳይደር»፣ በተቋምዎ ግዥ ክፍል በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሊያስመጡ መሆኑን ጽፈዋል። አንድ ባልደረባዎ በተመሳሳይ ርዕስ የታተሙ፣ ፈጽሞ የማይዛመዱ መጻሕፍት ስላሉ እንዲጠነቀቁ እንደመከሩዎት ገልጸው፣ ነገሩ ያን ያህል ያሳስባል ወይ፣ ርዕስ መጋራትንስ ሕግ አይከለክለውም ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጅማ፣ በአንድ የትምህርት ተቋም የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። የእርስዎም ተቋም አሠራር ከእኛው የሚለይ ስለማይመስለኝ የደረሰብኝን እነግርዎታለሁ። ነገሩ ያሳስባል፤ ባልደረባዎ እውነታቸውን ነው።

ስለ ሕጉ ብዙ አይጨነቁ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ለርዕስ ብቻውን ጥበቃ አይሰጥም፤ ስለዚህም ሁለት ደራስያን በአንድ ርዕስ ቢጽፉ አንዱ ሌላውን ሰረቀው አይባልም። ሬይመንድ ሙዲ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሞት አፋፍ ተመለስን ስለሚሉ ሰዎች ያሳተመው ጥናት «ላይፍ አፍተር ላይፍ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ኬት አትኪንሰንና ጂል ማኮርክል በዚሁ ርዕስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የማይገናኙ ሁለት ልብ ወለዶች አውጥተዋል። ማይክል ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ትራምፕ አስተዳደር «ፋየር ኤንድ ፊዩሪ»ን ሲያሳትም፣ ራንዳል ሃንሰን የተባለ የታሪክ ምሁር ከአሥር ዓመት በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ላይ ስለወረደው የቦምብ ድብደባ የጻፈውና ይህንኑ ርዕስ የያዘው መጽሐፍ በድንገት ገዢ በዛለት።

የኤሚሊ ሹልትዝ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 «ጆይላንድ» የሚል ልብ ወለድ አሳትማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ስቲቨን ኪንግ በዚሁ ርዕስ አዲስ መጽሐፍ ሲያወጣ በመጀመሪያ በወረቀት ብቻ እንዲሸጥ ወሰነ፤ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ የፈለጉ አንባብያንም የሹልትዝን መጽሐፍ የኪንግ መስሏቸው ገዙት፤ አንዳንዶቹም የጠበቁትን ስላላገኙ በቁጣ አስተያየት ጻፉባት። በእኔ እምነት በዚህ ጉዳይ የተበደለችው ደራሲዋ ናት፤ ሽፋኑ ላይ ስሟ ተጽፎ ሳለ የሌላ ሰው መጽሐፍ አይደለም ተብላ መወቀስ አልነበረባትም።

አሁን ለእርስዎ ወደሚጠቅመው ልለፍ፤ በቁጥር ላስቀምጠው።

1ኛ፦ በጥያቄ ደብዳቤዎ ላይ ከርዕሱ ጋር የደራሲውን ሙሉ ስም፣ አሳታሚውን፣ የኅትመት ዓመቱንና የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ያስፍሩ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ቁጥር 13 አኃዝ አለው፤ በአገራችን የሚታተሙትም በአብዛኛው 978-99944 ብለው ይጀምራሉ። የመጨረሻው አኃዝ ከፊተኞቹ ተሰልቶ የሚገኝ በመሆኑ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ቁጥሩ አይገጥምም፤ ስለዚህ ከየትኛውም መግለጫ ይልቅ እሱን ይመኑ።

2ኛ፦ ደብዳቤዎ ወደ ግዥ መጠየቂያ ቅጽ ሲገለበጥ ምን እንደቀረና ምን እንደተጻፈ በዓይንዎ እንዲያዩ ይጠይቁ፤ ቢከለክሉዎትም አይመለሱ። ጉዳቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

እኔ የጠየቅኩት የራልፍ ኤሊሰንን «ኢንቪዝብል ማን» ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመና በማግስቱ ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ያገኘ ልብ ወለድ ነው። ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 «ዘ ኢንቪዝብል ማን» የሚል የሳይንስ ልብ ወለድ አሳትሟል። የዌልሱ ተመራማሪ በምርምሩ ገላውን ከዓይን የሰወረ ሰው ነው፤ የኤሊሰን ጥቁር አሜሪካዊ ግን ገላው እያለ፣ ሰዎች ሊያዩት ስላልፈለጉ ብቻ የማይታይ ሆኖ የሚኖር ነው። በርዕሶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከፊት ያለችው «ዘ» ብቻ ናት። በደብዳቤዬ ላይ የደራሲውን ስምም መለያ ቁጥሩንም በግልጽ ጽፌ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ አስደርጌ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ በእጄ አስቀርቻለሁ።

የግዥ መጠየቂያው ቅጽ ግን ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዝርዝር፣ መለኪያ፣ ብዛትና የአንዱ ዋጋ ከሚሉት ዓምዶች በቀር ሌላ ቦታ የለውም። የሚተይበው ባለሙያ በጠባቧ የዝርዝር ዓምድ ውስጥ ርዕሱን ብቻ አስገባ። ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት ልየው ብዬ ብሄድ የክፍሉ ኃላፊ ከወንበራቸው ሳይነሱ «እርስዎ ክፍልዎን ያስተምሩ፤ ግዥ የእኛ ሥራ ነው» ብለው ከበር መለሱኝ። ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የጠየቅኩት ሥልጣን አልነበረም፣ አንድ መስመር ማየት ነበር።

ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። በኋላ ፋይሉን ሳገላብጥ ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል፤ ሁለቱ የኤሊሰንን መጽሐፍ ዋጋ ሰጥተዋል፣ ሦስተኛው የዌልስን፤ ኮሚቴውም ሁለት የተለያዩ መጻሕፍትን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ ዋጋቸውን አወዳድሯል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1946 ያረፈ በመሆኑ የሥራዎቹ የቅጂ መብት ዘመን በአብዛኛው አገር አልቋል፤ በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት እንኳ የኢኮኖሚ መብቱ ጥበቃ በደራሲው ሕይወት ዘመንና ከዚያ በኋላ በሚቆጠር 50 ዓመት የተወሰነ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማንኛውም አሳታሚ ለደራሲው ወራሾች ሳይከፍል በርካሽ ያትመዋል። በዚያ ላይ የዌልሱ ቀጭን ነው፤ የኤሊሰን ግን ዳጎስ ያለ ነው። ስለዚህ ርዕሱ ብቻ በተጻፈበት ውድድር ዝቅተኛው ዋጋ ሁልጊዜ ወደ አሮጌውና ወደ ቀጭኑ ያደላል፤ በእኛም የሆነው ይኸው ነው።

ካርቶኖቹ በአውቶቡስ መጥተው ግምጃ ቤት ሲገቡ ንብረት ክፍሉ «ርዕሱም ብዛቱም ልክ ነው» አለ። አንዱን አንሥቼ አየሁት። በሽፋኑ ላይ ፊቱን በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ አንድ እንግዳ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በብርድና በበረዶ ውስጥ ወደ እንግሊዝ ገጠር ማረፊያ ቤት ይገባል። እኔ የምጠብቀው 1,369 አምፖሎች በበሩበት ምድር ቤት ተቀምጦ የሚናገረውን የኤሊሰንን ባለታሪክ ነበር፤ ተማሪዎቼም ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ተዘጋጅተው የሚጠብቁት እርሱኑ ነው።

የርክክብ ሰነዱ ላይ አልፈርምም አልኩ። ኃላፊው «መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱ እስከገጠመ ድረስ ምን ጎደለ?» አሉኝ። እኔም በጅማ ከተማ ተቀምጦ፣ የታጠበ ይሁን ጀንፈል ሳይለይ «ቡና» ብሎ ብቻ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ይልቁንም የመንግሥት ግዥ በማጓተት ተጠያቂ እንደምሆን ነገሩኝ። ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤዬን ከፊታቸው ሳስቀምጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የተጠየቀውና የታዘዘው የተለያየ መሆኑ በጽሑፍ ታየ። አቅራቢውን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ነው ያመጣው። ለዚህም ነው መልሶ ለመለወጥ የተቸገረው፤ ክርክሩ ሲጓተት ሰኔ 30 ደርሶ በጀቱ ተዘጋ፤ ተማሪዎቼም ያን ኮርስ በትምህርት ክፍሉ ያለችውን አንዲት ቅጂ እየተቀባበሉ ጨረሱት።

በሚቀጥለው በጀት ዓመት አንድ አባሪ ራሴ አዘጋጀሁ፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ መለያ ቁጥርና የገጽ ብዛት የያዘ፣ ግርጌውም ላይ «ከዚህ የተለየ ደራሲ ወይም እትም ያቀረበ ከውድድር ውጭ ይሆናል» የሚል። ኤሊሰን መጣ። ዛሬ ሌሎች ትምህርት ክፍሎችም መጽሐፍ ሲጠይቁ ያንኑ አባሪ ይጠቀማሉ፤ በዚህ እኮራለሁ። የዌልስ ቅጂዎችም በከንቱ አልቀሩም፤ በቤተ መጻሕፍታችን ኤሊሰን በአሜሪካ ልብ ወለድ ምድብ 813 ላይ፣ ዌልስ በእንግሊዝ ልብ ወለድ ምድብ 823 ላይ ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱንም ተማሪ ይወስዳቸዋል።

3ኛ፦ ፕሮፎርማ የሰጠው አቅራቢ የቅጂ መብት መረጃው ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም እንዲልክልዎ ያድርጉ። ሽፋኑ አይበቃም።

4ኛ፦ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ማለትም ሞዴል 19፣ ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱን ካርቶን ያስከፍቱ፤ ከተቆረጠ በኋላ ዕቃው የተቋሙ ንብረት ሆኖ ስለሚመዘገብ ክርክርዎ ከአቅራቢው ጋር መሆኑ ቀርቶ ከራስዎ ንብረት ክፍል ጋር ይሆናል።

ስለ ካሙ መጽሐፍም በተለይ ልናገር፤ ከእኔው ይልቅ የእርስዎ ይከብዳልና። ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ልብ ወለድ በእንግሊዝ አገር «ዘ አውትሳይደር»፣ በአሜሪካ ደግሞ «ዘ ስትሬንጀር» ተብሎ ይሸጣል፤ ስለዚህ ያው መጽሐፍ በሌላ ርዕስ ቢቀርብልዎ አይመልሱት። በሌላ በኩል «ዘ አውትሳይደር» የሚል ርዕስ ያላቸው የሪቻርድ ራይት የ1953 ልብ ወለድ፣ የኮሊን ዊልሰን የ1956 የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ሐተታ፣ እንዲሁም የስቲቨን ኪንግ የ2018 የወንጀልና የሽብር ልብ ወለድ አሉ። የዊልሰኑ ደግሞ ስለ ካሙ መጽሐፍ ራሱ የሚያወሳ በመሆኑ ውስጡን ገልጦ የካሙን ስም ያየ ሰው ትክክለኛው ነው ብሎ ሊረከበው ይችላል። በአባሪዎ ላይ ለዚህ መጽሐፍ የደራሲውን ስም ከርዕሱ አስቀድመው ያስጽፉ፤ ተርጓሚውንም ይጥቀሱ፤ ከአንድ በላይ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለውና በክፍል ውስጥ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ገጽ እንዲገልጥ ያስፈልግዎታል። የእኔን አባሪ ናሙና ከፈለጉ እልክልዎታለሁ።