ዕዳው ይቅደም ወይስ ግፊቱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 47 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ገቢዬ ይህን ያህል የሚያማርር አይደለም፣ ግን ወሩ ሳይጋመስ እጄ ባዶ ይሆናል። ሦስት ቦታ ዕዳ አለብኝ። አንዱን ባለቤቴ አታውቀውም። ባለፈው ዓመት ሥራ ቦታ ምርመራ ተደርጎልን ግፊቴ 152 በ96፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ ደግሞ 114 ሆኖ ተገኘ። "ሐኪም ጋ ሄደህ ድገመው" ተባልኩ፤ እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ቦርጭ አውጥቻለሁ፣ ደረጃ ስወጣ ያለከልከኛል። ሰኞ አዲስ ሕይወት እጀምራለሁ፣ ሐሙስ ላይ እዚያው ነኝ። ገንዘቤን ላስቀድም ወይስ ጤናዬን? ወይስ ጭራሽ ረፍዶብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልረፈደም። ይህን ላጽናናዎ ብዬ አይደለም፤ ከታች በቁጥር አሳይዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ደብዳቤዎ ላይ ያየሁትን ልንገርዎ። ግፊትዎንና ስኳርዎን በቁጥር ጽፈውልኛል። ዕዳውን ግን "ሦስት ቦታ" ብለው አለፉት። ድምሩ ስንት ነው? ወለዱስ? ቢያውቁት የሚጽፉት ይመስለኛል። ሐኪም ጋ ያልተመለሱበትና ዕዳውን ያልደመሩበት ምክንያት አንድ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ቁጥሩን ማየት ያስፈራል። እውነት ለመናገር ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ የሚቸገረው ባለማወቅ ሳይሆን ላለማወቅ በሚያደርገው ጥረት ነው።

የቱ ይቅደም ላሉት፣ ሐኪሙ ይቅደም። "ጤና ከሀብት ይበልጣል" ልልዎ አይደለም፣ እሱን ሲሰሙት ነው የኖሩት። ሐኪም ጋ ሄዶ መለካት ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ዕዳው ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ያንን ሁሉ ዓመት ሠርተው የሚከፍሉት ደግሞ በዚሁ ሰውነት ነው። በዚህ ሳምንት ይሂዱ።

በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ግፊት አለብህ አይባልም። በተለያየ ቀን ተለክቶ በሁለቱም ቀን የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የዓለም ጤና ድርጅት ደም ግፊት የሚለው። ስለዚህ ያ 152 የዚያን ቀን ድንጋጤም ሊሆን ይችላል፣ የእውነት ግፊትም ሊሆን ይችላል። ምንም አላመመኝም ብለው አይዘናጉ፤ አብዛኛው ሰው ግፊት ኖሮበት አይሰማውም። ሲለኩ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፣ ጀርባዎን ይደገፉ፣ እግርዎን አያነባብሩ፣ ክንድዎ ከልብዎ ትይዩ ይሁን፣ ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ አይኑር። እያለከለኩ ገብተው እጅጌ ጠቅልለው የተለኩት ቁጥር ያሳስታል። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘልዎ ደግሞ ግፊቱ ሲወርድ "ዳንኩ" ብለው እንዳያቆሙት። የወረደው እኮ በመድኃኒቱ ነው።

የስኳሩ 114 ግን መልካም ዜና አለው። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን ገና በሽታ ሳይሆን ቅድመ ስኳር ነው የሚባለው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደገም ነው የስኳር በሽታ የሚሆነው። አሜሪካ ውስጥ የደም ስኳራቸው እንደ እርስዎ ከፍ ያለ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ሰዎች መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሜትፎርሚን የሚባለውን መድኃኒት የወሰዱት ዘንድ የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 51። እርስዎ ከእነሱ በአራት ዓመት ያንሳሉ።

90 ኪሎ ከሆኑ 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ገደማ ነው። 150 ደቂቃውም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ይጨምሩበት፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋትም ይሆናል። ብቻ ጂም ለዓመት ከፍለው እንዳይመዘገቡ፤ ሰኞ ጀምሮ ሐሙስ ለሚያቆም ሰው ጂም አራተኛ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሁሉ በፊት ለባለቤትዎ ይንገሩ። ጭቅጭቅ ይኖራል፣ አልዋሽዎትም። ግን የቤት በጀት አንደኛው ሰው ግማሹን ደብቆ አይሠራም፤ እሷ "ይህን ወር ተረፈን" ብላ ስታቅድ እርስዎ በጎን ወለድ እየከፈሉ ነው። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ዕዳ ቀሪ መጠን፣ ዓመታዊ ወለዱንና በየወሩ የሚከፈለውን ይጻፉ። ወለዱ ምን ያህል እንደሚበላ ለማየት ቀላል ስሌት አለ፦ 72ን ለወለዱ ያካፍሉ። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ከሆነና ምንም ካልከፈሉ ዕዳው በሦስት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ 8 በመቶ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ይወስድበታል። ለዚህ ነው ሦስቱንም እኩል እኩል መክፈል የማያዋጣው። ለሁሉም ግዴታውን ብቻ ይክፈሉ፣ የተረፈችውን በሙሉ ወለዱ ከፍተኛ በሆነው ላይ ያፍስሱ። አንዳንዶች ትንሿን ዕዳ ቀድመህ ዝጋ፣ ሞራል ይሰጥሃል ይላሉ። በሁለት በሦስት ወር የምትዘጋ ከሆነች ይሁን፣ ከዚያ ካለፈ ግን ለሞራል ተብሎ የሚከፈለው ወለድ ይበዛል ባይ ነኝ።

ያለዎትን ሁሉ ግን ለዕዳ አይስጡ። መጀመሪያ የአንድ ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ልጅ ባመመው ቁጥር አዲስ ብድር ነው። ከፍተኛ ወለድ ያለው ዕዳ ሲያልቅ መጠባበቂያውን ወደ ሦስት፣ ቢቻል ወደ ስድስት ወር ያሳድጉት። ገንዘቡም ደመወዝ በገባ ዕለት በራሱ ወደ ሌላ ሒሳብ ይዛወር። "የተረፈኝን አስቀምጣለሁ" ያለ ሰው ሲተርፈው አላየሁም።

ሐሙስ ላይ ለምን እንደሚያቆሙ ደግሞ እንዲህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ሕንድ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚያመርቱ ገበሬዎችን ከምርት በፊት እጃቸው ባጠረ ጊዜና ከምርት በኋላ ገንዘብ ሲያገኙ ፈተናቸው። ያው ሰው ራሱ እጁ ባጠረ ጊዜ የማሰብ ፈተናው ላይ ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ። የገንዘብ ጭንቀት ጭንቅላት ውስጥ ቦታ ይይዛል። እርስዎ ደግሞ በዚያው በተጨናነቀ ጭንቅላት ሰኞ ዕለት ምግቡንም፣ ስፖርቱንም፣ በጀቱንም አንድ ላይ ሊያስተካክሉ ይነሳሉ። አይሆንም። የመጀመሪያው ወር ሐኪሙ፣ የዕዳው ወረቀትና በእግር መራመዱ ብቻ ይሁን። ምግቡ በሚቀጥለው ወር ይምጣ፤ ያኔ ከጨውና ከጣፋጭ መጠጥ ይጀምሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፣ ያ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ (አልጻፉልኝም) እሱ የገንዘቡም የግፊቱም ጠላት ነውና ወረፋ አይጠብቅም፣ ለሐኪሙ በዚያው ቀን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ 51 ዓመቴ ነው። የባንክ ብድሬን ቶሎ ለመጨረስ ማታ ማታ ሁለተኛ ሥራ ይዣለሁ። ዕዳው እየወረደ ነው፣ እኔ ግን በቀን አምስት ሰዓት ብተኛ ነው። ቀን ቀን ሰው ላይ እጮሃለሁ። ትንሽ ልቻለው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ትንሹ ስንት ወር ነው? ማብቂያ ቀን ካለውና ሦስት አራት ወር ከሆነ ይገባኛል፤ ማብቂያ ከሌለው ግን ከአንዱ ተበድረው ለሌላው እየከፈሉ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ነው። እንቅልፍ ሲያጥር ግፊት ይጨምራል፣ ሰውነት ስኳርን በአግባቡ መጠቀም ያቅተዋል፣ ጣፋጭ ያምራል። መኪና የሚነዱ ከሆነ ደግሞ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል።

ባንኩን ያነጋግሩ። የመክፈያው ጊዜ ተራዝሞ ወርሃዊው ቢቀንስልዎ ተጨማሪ ወለድ ይከፍላሉ፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ከሥራ የሚያስቀር ሕመም ከዚያ ወለድ ይወደዳል። ወይም ሁለተኛውን ሥራ ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዛውሩት። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ በእርስዎ ዕድሜ አካባቢ የወር አበባ መቋረጥ ይመጣል፣ እሱም ራሱ ሌሊት እያላበ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትንም ይለዋውጣል። ጥፋቱን ሁሉ በሥራው ላይ ከማላከክዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ሕክምና አለው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 45 ነው፤ ታምሜ አላውቅም። በጀቴ ጠባብ ሆኖ ሳለ ደኅና ነህ ለመባል ገንዘብ ልክፈል?

መልስ፦ "ሙሉ ምርመራ" ተብሎ ለሚሸጠው ረጅም ዝርዝር አይክፈሉ። ለጥቂቶቹ ግን ይክፈሉ፦ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 የአንጀት ካንሰር ምርመራ መጀመሪያ ዕድሜን ከ50 ወደ 45 ዝቅ አድርጓል፤ ሰገራ ላይ የሚደረገው ምርመራ አንጀት ውስጥ በሚገባ መሣሪያ ከሚታየው በጣም ይረክሳል፣ በሱ መጀመር ይቻላል። ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በልብ ወይም በካንሰር የታመመ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ዝርዝሩ ይቀየራል። መድን ካለዎት የትኛውን እንደሚሸፍን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ውጤቱንም በወረቀት ተቀብለው ያስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያይዎት ሐኪም የሚያወዳድረው ነገር ይኖረዋል።