ልቀቱን በገንዘብ ሳይሆን በኪሎ ቁጠሩት

የአንባቢዎች ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ ቤት ሠርቶ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የግዢ ክፍል ኃላፊ ነኝ። አበዳሪያችን የአቅርቦት ሰንሰለታችንን የካርቦን ልቀት በቁጥር እንድናሳውቅ ጠይቆናል። አማካሪያችን የዓመቱን ግዢ በገንዘብ ደምሮ ለእያንዳንዱ ብር በተገመተ አንድ የልቀት መጠን አባዛና ሪፖርት አቀረበ። ዘንድሮ የብረት ዋጋ ሲወርድ ልቀታችንም አብሮ ወረደ። እንዲህ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ብረት ስለረከሰ ከማቅለጫው ጭስ ማውጫ የሚወጣው አይቀንስም። በወጪ ማስላት የሚጠቅመው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከብዙው የግዢ ዓይነት ከባዶቹን፣ ማለትም ልቀታቸው የበዛውን፣ ለመለየት። ለድርጅቶች የልቀት ሒሳብ ደንብ የሚያወጣው የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ስለ ስኮፕ 3 (ከድርጅቱ ውጭ፣ እንደ አቅርቦት ሰንሰለት ባሉ ቦታዎች ስለሚወጣ ልቀት) ባወጣው መመሪያ ስሌቱን ይፈቅደዋል፤ ሆኖም ከራሱ ከአቅራቢው የተገኘ መረጃ ለዚያ አቅራቢ ይበልጥ የቀረበ መሆኑን ያስቀምጣል።

በአብዛኛው ሕንፃ ከባዶቹ ኮንክሪትና ፌሮ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን በደንብ ሳይለኩ ወደ ቀለምና በር እጀታ አይሂዱ።

ከኮንክሪት እንጀምር። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 350 ኪሎ ሲሚንቶ አለ እንበል። ለተራው ኦፒሲ (ምንም ሳይቀላቀልበት ለሚሸጠው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) የአቅራቢው ሰነድ በኪሎ 0.85 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢል፣ ከሲሚንቶው ብቻ 298 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፖዞላና (እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ማዕድን) የተቀላቀለበት ሲሚንቶ 0.62 ቢሆን ወደ 217 ይወርዳል። በ4,000 ሜትር ኩብ ልዩነቱ 322 ቶን ነው። ምክንያቱ ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ከምድጃ የሚወጣ ቁስ፣ ነው፦ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ከክብደቱ 44 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ነዳጁ ምንም ይሁን ምን ይህ አይቀርም። ስለዚህ ሲሚንቶ አቅራቢን መጀመሪያ የሚጠይቁት «የክሊንከሩ ድርሻ ስንት በመቶ ነው?» ብለው ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ፖዞላና ያለው ሲሚንቶ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚይዝ፣ ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ) ቶሎ ለመፍታት የቸኮለ ተቋራጭ ሲሚንቶውን ወደ 400 ኪሎ ያሳድገዋል። 400 በ0.62 ሲባዛ 248 ይሆናል፤ ከቅናሹ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ተበላ ማለት ነው። መለኪያዎ ከኪሎ ሲሚንቶ ይልቅ የተፈለገውን ጥንካሬ የሚሰጥ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሁን፤ የሚክስ ዲዛይኑ (የኮንክሪቱ ቅልቅል መጠን) ወረቀትም ከሒሳቡ ጋር ይያያዝ። መዋቅሩ የሚፈቅድ ከሆነ ለመሠረት ኮንክሪቱ ከተሞላ በ28 ቀን የሚለካውን ትቶ በ56 ቀን የሚለካ ጥንካሬ እንዲጠየቅ መሐንዲሱን ያነጋግሩ።

አሸዋና ጠጠር ሲመረቱ ልቀታቸው ትንሽ ነው፤ መንገዱ ግን ሊበልጠው ይችላል። ጭነት መኪና በቶን በኪሎሜትር 0.1 ኪሎ ያህል ይለቃል ብለው ቢነሱ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ የሚገባው 1,850 ኪሎ ጠጠርና አሸዋ ከ60 ኪሎሜትር ሲመጣ 11 ኪሎ ይጨምራል። መኪናው ባዶውን የሚመለስበትም መቆጠር አለበት።

ፌሮ ላይ ዋናው ጥያቄ ብረቱ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ከማዕድን በከሰል ምድጃ የተሠራ ብረት በቶን 2 ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይለቃል፤ ከቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ የተሠራው ብዙ ጊዜ ከ1 ቶን በታች ነው። ወጥመዱ፣ ፌሮ የሚጠቀልለው (ጥሬ ብረት አግሎ ወደ ፌሮ የሚለውጠው) ፋብሪካ ጥሬ ብረቱን (ቢሌቱን) ከሌላ ቦታ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። የእሱን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ብቻ ከጠየቁ የሚያገኙት የዚህን ሥራ ልቀት ብቻ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ከኋላ ይቀራል። ቢሌቱን ያቀለጠው ማን እንደሆነና በምን ምድጃ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፌሮው ላይ የታሰረው መለያ ቁጥር ከፋብሪካው የጥራት ሰርተፍኬት ጋር ይመሳከር።

ኢፒዲ የሚባለውን የምርት የአካባቢ መግለጫ ሲቀበሉ አራት ነገር ይዩ፦ ገለልተኛ አካል አረጋግጦታል? ጊዜው አላለፈም? (ብዙውን ጊዜ 5 ዓመት ነው።) የዚህ ፋብሪካ ነው ወይስ የዘርፉ አማካይ? ኤ1 እስከ ኤ3 ያሉትን ደረጃዎች፣ ማለትም ከጥሬ ዕቃው እስከ ፋብሪካው በር፣ ይሸፍናል? አማካይ ቁጥር የተጠቀሙበት ቦታ ሁሉ በሠንጠረዡ ላይ ምልክት ይደረግበት። አለዚያ አቅራቢ ሲለውጡ ለውጡ አይታይም።

ጥያቄ፦ ተቋራጮቻችን መረጃ አይሰጡም። መጠይቅ ብንልክ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል መልስ ይመለሳል።

መልስ፦ ባለ 60 ጥያቄ መጠይቅ የሚሞላው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ምድጃውን አያውቀውም። ከክፍያ ጋር ያያይዙት። ውሉ ላይ፣ የየወሩ የክፍያ ሰርተፍኬት ሲቀርብ ዕቃው፣ በኪሎ ወይም በሜትር ኩብ ያለው መጠን፣ ፋብሪካውና ርቀቱ የተጻፉበት አንድ ገጽ አብሮ እንዲቀርብ ያስገቡ። ምንጩ ስቶር ኪፐሩ የሚፈርምበት የማስረከቢያ ወረቀት ነው። መጠኑን ከሥራ ዝርዝሩ ብቻ አይውሰዱ፤ በወረቀት ላይ ባለውና በገባው መካከል ያለው ልዩነት ብክነት ነው፤ ተመልሶ የተደፋ ኮንክሪትም ልቀቱ የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ እንጨት አቅራቢያችን የኤፍኤስሲ (እንጨቱ በኃላፊነት ከተያዘ ደን መምጣቱን የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሰርተፍኬት አሳየን። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሰርተፍኬት ያለው ነጋዴ ሰርተፍኬት የሌለው እንጨትም ሊሸጥ ይችላል። የሚያረጋግጠው የዚያ ጭነት ደረሰኝ ነው፤ በላዩ ላይ የሻጩ የሰርተፍኬት ኮድና «ኤፍኤስሲ 100 በመቶ» ወይም «ኤፍኤስሲ ሚክስ» የሚለው መግለጫ ከዕቃው ጎን መጻፍ አለበት። ኮዱን በኤፍኤስሲ የሕዝብ መዝገብ ላይ ያስገቡና ሰርተፍኬቱ የሚሠራ መሆኑን፣ የገዙት የእንጨት ዓይነትም በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ይዩ።