የሮቦት ብረት፦ የቡድኖች ጥያቄና መልስ

በወሎ ያሉ የተማሪ ሮቦት ቡድኖች ስለ ብረት ግዢና ስለ ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ሥራ ከጠየቁን አምስቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ቶርኖ ቤት ያሠራነው የጎማ ማያያዣ በሞተሩ ዘንግ ላይ ይላላል። ዘንጉ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀዳዳውንም «6» ብለን ነው ያዘዝነው። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እንዲህ ብቻ ካዘዛችሁ ባለሙያው ጥፋት የለበትም። በ6 ሚሊ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) የተበሳ ቀዳዳ ልክ 6 ሆኖ አይወጣም። ፑንታው በእጅ የተሳለና ሁለቱ አፉ እኩል ካልሆነ ደግሞ የባሰ ይሰፋል። ሞተሩን ይዛችሁ ሂዱና ዘንጉን ራሱን አስለኩ። መጀመሪያ በ5.8 ይበሳ፣ ከዚያ በ6 ሪመር (የተበሳን ቀዳዳ ልኩ ላይ የሚያደርስ መሣሪያ) ይጨረስ። ሪመር ከሌለ አዲስ የ6 ፑንታ በቀስታ ይለፍበት፤ የሚቆርጠው ጥቂት ስለሆነ ብዙ አያሰፋም።

ብዙዎች የሚረሱት ሌላ ነገር አለ። የማያያዣው ውጭና ቀዳዳው ከቶርኖው መንጋጋ ሳይፈቱ በአንድ እስራት መሠራት አለባቸው። ተፈትቶ ተገልብጦ ከታሰረ መሐሉ ይስታል፤ ጎማውም እየተወላገደ ይዞራል። ለማጥበቂያው ብሎን በጎኑ በ3.3 ፑንታ አስበስታችሁ የኤም 4 (የ4 ሚሊ ብሎን) ጥርስ አስወጡ። ብሎኑ ዘንጉ ጠፍጣፋ በሆነበት በኩል ይረፍ። ዘንጉ ሙሉ ክብ ከሆነ በሞረድ ጠፍጣፋ ቦታ አውጡለት፤ ብናኙ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ግን በጨርቅ ሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ለሮቦቱ አካል የብረት ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን ቱቦ) ይሻላል ወይስ የመስኮት አሉሚኒየም? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ 20 በ20 ሆኖ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው የብረት ቱቦላሬ በሜትር 870 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ልክ ያለ አሉሚኒየም 300 ግራም። አካሉ 4 ሜትር ከፈጀ ልዩነቱ ከ2 ኪሎ ያልፋል፤ ለትንሽ ሞተር ይህ ከባድ ሸክም ነው። እኛ አሉሚኒየሙን እንመርጣለን። ሙሉውን 6 ሜትር ከመግዛትዎ በፊት በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶችን ቁራጭ ይጠይቁ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይያዙ፤ ግድግዳው ከ1.2 ሚሊ የሳሳ ከሆነ ብሎን ሲጠብቅበት ይጨማደዳል። ያም ሆኖ ብሎን በሚያልፍበት ቦታ ብቻ ውስጡን በእንጨት ቢሞሉት ይይዛል።

ጥያቄ፦ ፌሮ ለጎማ ዘንግ ይሆናል? (ከወልድያ)

መልስ፦ አይሆንም። ፌሮ ክብ አይደለም፤ ላዩ ጠንካራ ውስጡ ለስላሳ የሆነም አለ። ከቆራሌ ወይም ከጥገና ቤት የተበላሸ ፕሪንተር ፈልጉ፤ የቀለሙ ቤት የሚመላለስበት ዘንግ ቀጥ ያለና ልሙጥ ነው። ኩሽኔታውን የምትገዙት ዘንጉን ለክታችሁ ነው። 8 ሚሊ ከሆነ 608 የሚባለው ኩሽኔታ ይገጥማል፦ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ። ኩሽኔታውን በዘንጉ ላይ ስታስገቡ የውስጡን ቀለበት ግፉ፤ የውጩን ከመታችሁት ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ ጎድጉዶ ይንኳኳል።

ጥያቄ፦ ሁለት ላሜራ ላይ ስምንት ስምንት ቀዳዳ በሳን፤ የመጀመሪያዎቹ ገጠሙ፣ የመጨረሻዎቹ እምቢ አሉ። (ከሐይቅ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ላሜራው አልተበላሸም። እያንዳንዱን ቀዳዳ ከቀደመው ቀዳዳ ተነስታችሁ ለክታችኋል፤ በየመሐሉ 0.3 ሚሊ ብትስቱ ስምንተኛው ላይ ከ2 ሚሊ በላይ ይሆናል። ሁሉንም ከአንድ ጠርዝ ለኩ። ከዚያም የተሻለው ሁለቱን ላሜራ ደርባችሁ፣ በሞርሳ አስራችሁ፣ አንድ ላይ መብሳት ነው፦ አስቀድሞ በ3 ሚሊ፣ ቀጥሎ ለኤም 5 ብሎን በ5.5። አሉሚኒየም ከሆነ ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉ፤ አለዚያ ፑንታው ላይ ይጣበቃል። አሁን የሳቱትን በክብ ሞረድ አስረዝማችሁ ሰፊ ሮንዴላ ጣሉባቸው።

ጥያቄ፦ ቱቦላሬው ሲበየድ ጠመመ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ብየዳ ሲበርድ ብረቱን ይስበዋል። አራቱንም ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ አስይዙ፣ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያሉትን ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች ለክታችሁ እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ ማዕዘኖቹን በተቃራኒ እያፈራረቃችሁ ጨርሱ። ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ቅቡን በግራይንደር አንሱና ደጅ ላይ በይዱ፤ ነጩ ጭስ ትኩሳት ያስይዛል። አሉሚኒየምን በተራ የብየዳ ማሽን አትሞክሩ፤ በሪቬት ያዙት።